የቅቤ ዕቃ፣ የወተት ገበያ

ዱቦ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቅድስት ማርያም ሆስፒታልን ነው። ከአረካ ከተማ አጠገብ፣ በቦሎሶ ሶሬ በኩል ያለው ይህ አካባቢ ግን እንደ ቀሪው ወላይታ ሁሉ የእንሰትና የላም አገር ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ላም የምታልብ አንዲት እናትና ስለ ወተት ንጽሕና የሚጽፍ ሰው ናቸው። ምልልሱ ለዚህ ጽሑፍ የተቀናበረ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን አንድ ሁለት ላም ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያነሣቸው ናቸው።

አርቢዋ፦ እስቲ ልጄ፣ ከሥሩ እንነጋገር። ስለ ወተት ንጽሕና ሊያስተምር የሚመጣ ሁሉ እኛን ንጽሕና የማናውቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። የወላይታ ቅቤ እኮ ከዞኑ አልፎ የሚፈለግ ነው። በቆሻሻ እጅ ሠርተን ነው ይህን ስም ያገኘነው?

ጸሐፊው፦ አይደለም እናቴ፤ እንዲያ ብሎ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ እርስዎ የሚሠሩትን ሥራ አላየም። በወላይታ ቤት ወተት እንደታለበ ለገበያ አይወጣም ነበር። በሸክላ ማሰሮ ይጠራቀማል፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይጨመራል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲረጋ ይናጣል። ቅቤው ይሸጣል፣ አሬራው ለልጆች ይቀራል፣ አይብም ይወጣዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ መኮምጠጥ የሚፈለግ ነገር ነው። ኮምጣጣው ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስ እንዳይራባ ያግዳል፤ በማሰሮው ቀዳዳ ውስጥ የሚቀረው የትናንቱ እርሾም የዛሬውን ወተት ቶሎ ያረጋዋል። ስለዚህ ማሰሮውን እስኪነጣ አለመፈግፈግ ስንፍና ሳይሆን ሙያ ነው። ችግሩ የመጣው ገበያው ሌላ ነገር መጠየቅ ሲጀምር ነው። የሶዶ፣ የአረካና የቦዲቲ ቤቶችና ካፌዎች የሚፈልጉት ቅቤ ብቻ አይደለም፤ ሲፈላ የማይቆራረጥ ትኩስ ወተት ይፈልጋሉ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ስለሆነች፣ ደመወዝተኛውም ማኪያቶውም እየበዛ ይሄዳል። ለቅቤ የተሠራ ዕውቀት ለትኩስ ወተት ሲውል፣ ትናንት የጠቀመው ነገር ዛሬ ይጎዳል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሁለቱ ሥራዎች ሁለት የተለያየ ንጽሕና ይፈልጋሉ፤ ትኩስ ወተት የሚፈልገውን ንጽሕና ደግሞ ባለአንድ ላም ቤተሰብ በአቅሙ ሊያሟላው ይችላል፤ ወተት ሰብሳቢው ከከፈለበት።

አርቢዋ፦ ክፍያውን ቆይተን እንመጣበታለን። መጀመሪያ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው ወይ? ወተት ታልቦ ገበያ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ቢቆይ ነው? ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ምኑ ተበላሸ?

ጸሐፊው፦ በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ። ከጤነኛ ላም ግት የሚወጣ ወተት በውስጡ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ነው። የሚቆሽሸው ከጡቱ ጫፍ እስከ ዕቃው ባለችው ስንዝር መንገድ ላይ ነው፦ ከጡቱ ቆዳ፣ ከአላቢው እጅ፣ ከላሟ ጭራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደንብ ካልታጠበ ዕቃ። አሁን ለማስረዳት ያህል ሁለት ዕቃ እናስብ። በአንዱ በንጽሕና የታለበ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10,000 ባክቴሪያ ያለበት ወተት አለ፤ በሌላው 1,000,000 ያለበት። ትኩስ ወተት በተፈጥሮው ባክቴሪያን የሚያዘገይ ነገር ስላለው ለ2 ሰዓት ያህል ሁለቱም ብዙ አይለወጡም እንበል። ከዚያ በኋላ በሞቀ ቀን ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ሰዓት የመጀመሪያው 160,000 ሲደርስ ሁለተኛው 16,000,000 ይገባል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ገና አልሸተቱም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጥሬ ወተት መመዘኛ ለአንደኛ ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 200,000 ነው፤ በአገራችን በተለያየ ቦታ የተመረመረ ጥሬ ወተት ግን ብዙ ጊዜ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ነገር እንዲህ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ወተቱን ሊያቆይ የሚችለው መነሻው ላይ ትንሽ ባክቴሪያ በማስገባትና በ2 ሰዓት ውስጥ ሰብሳቢው ጋ በማድረስ ነው። ማቀዝቀዣ እንኳ ቢኖር የገባውን ባክቴሪያ ያዘገየዋል እንጂ አያወጣውም።

አርቢዋ፦ ከተሜው አፍልቶ ይጠጣዋ! እሳት የማይገድለው ምን አለ? እኛን በአንድ ጡት ላይ ስታስጨንቁን እነሱ ድስት መጣድ ከበዳቸው?

ጸሐፊው፦ ማፍላቱማ ግዴታ ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ የቱንም ያህል በንጽሕና ቢታለብ የታመመች ላም ወተት የታመመ ነው። በዚህ ላይ ታሪክም ከእርስዎ ጋር ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ሁለት መንገድ በአንድ ዓመት ተጀመረ። በኒው ዮርክ ናታን ስትራውስ የሚባል ነጋዴ ለድሆች ልጆች በሙቀት የታከመ ወተት የሚያከፋፍል ጣቢያ ከፈተ። በጎረቤት ኒው ጀርሲ ደግሞ ሄንሪ ኮይት የሚባል ሐኪም ወተቱ ሳይፈላ፣ ከላሟ ጀምሮ በሐኪሞች ቁጥጥር ንጹሕ ሆኖ እንዲመረት የሚያደርግ ኮሚሽን አቋቋመ። የኮይት ወተት ጥሩ ነበር፤ ዋጋው ግን ድሃ አይደርስበትም። ለብዙኃኑ የደረሰው የሙቀቱ መንገድ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን እሳት የማይነካው ነገር አለ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በቆሰለ እጅና በታመመ ጡት ላይ ይኖራል። ወተቱ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ይራባና መርዝ ይለቃል፤ ባክቴሪያው ሲፈላ ይሞታል፤ መርዙ ግን መፍላትን ይቋቋማል። ጠጪው ወተቱን አፍልቶ ጠጥቶም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰዋል። ሌላም አለ። ብዙ ባክቴሪያ የገባበት ወተት ውስጥ ውስጡን ኮምጥጦ ስለሚቆይ፣ እሳት ላይ ሲጣድ ይቆራረጣል። ካፌው የደፋውን ወተት ሒሳብ ነገ የሚያወራርደው ከእርስዎ ላይ ነው።

አርቢዋ፦ ይሁን። ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉን? የላሟን ጡት በሞቀ ውሃ እጠቡ ትላላችሁ። ውሃው እኮ በጀርባ ነው የሚመጣው። ማገዶም አለ። ጠዋት ጠዋት ለላም ውሃ ከማሞቅ ለልጆቼ ቁርስ ባበስል አይሻልም?

ጸሐፊው፦ እዚህ ላይ ምክር ሰጪዎች የተሳሳትነው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። «ግቱን እጠቡ» የሚለው ምክር ውሃ በቧንቧ ከሚወርድበት ትልቅ እርባታ ተገልብጦ የመጣ ነው። በትንሽ ውሃ ግቱን ሁሉ አርሶ ሳያደርቁ ማለብ ካለማጠብ ሊብስ ይችላል፤ ቆሻሻው ቀልጦ በጡቱ ጫፍ በኩል እየተንጠባጠበ ዕቃው ውስጥ ይገባልና። ጡቱ ላይ ጭቃና እበት ካልተጣበቀ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ከተጣበቀ አራቱን ጡቶች ብቻ በትንሽ ውሃ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ ነው፤ ግቱን በሙሉ ማራስ አያስፈልግም። ጨርቁ ለአንድ ላም አንድ ይሁን፤ ከላም ወደ ላም የሚሄድ ጨርቅ የጡት በሽታን ይዞ ይሄዳል። ውሃው መጀመሪያ የሚገባው ለእጅ ነው፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ጥጃው ጠብቶ ላሟ ወተቷን ከለቀቀች በኋላ ምራቁ በጨርቅ ይጠረጋል። ጣትን ወተቱ ውስጥ እየነከሩ ወይም እትፍ እያሉ ጡት ማለስለስ ይቅር፤ በደረቅ እጅ ማለብ ይለመዳል። ከዚያ ከየጡቱ የሚወጣው የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ፍልቅታ ወደ ዕቃው አይገባም፤ በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ሳሕን ላይ ይታያል። ያንን ፍልቅታ ትንሽ ነገር ነው ብለው አይለፉት። በጡቱ ቀዳዳ አድሮ ባክቴሪያ የጠራቀመው እሱ ነው፤ ደግሞም ቁራጭ፣ ክር ወይም ደም መሰል ነገር በጥቁሩ ላይ ከታየ ላሟ የጡት በሽታ ይዟታል ማለት ነው። ምልክት የማያሳየው የጡት በሽታ ደግሞ ከሚታየው ይበዛል፤ በተለይ ብዙ ወተት በምትሰጠው ዲቃላ ላም ላይ፤ የሚቀንሰውም የወተቷን መጠን ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደምሮ የጠየቀን ውሃ ሁለት ሦስት ሊትር ቢሆን ነው፤ ማገዶ አልነካንም።

አርቢዋ፦ በረቱስ? በእኛ ቤት ላሟ ከሰው ጋር ነው የምታድረው፤ እበቷም ለእኛ ሀብት ነው። እንሰቱ የሚኖረው በእበት ነው። ሲሚንቶ አፍስሱ ልትሉን ነው?

ጸሐፊው፦ ሲሚንቶ አልልም። እበቱ ሀብት መሆኑ ራሱ ለንጽሕናው ይረዳል፤ ከከተማ ዳር እርባታ ይልቅ እናንተ ጋ እበት በየጠዋቱ ተጠርጎ የሚወጣው ጓሮው ስለሚፈልገው ነው። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ጊዜ ያቺው ሴት በማለዳ እበቱን በእጇ ሰብስባ ወደ እንሰቱ ትወስድና ተመልሳ ወዲያው ታልባለች። ወይም ላሟ ዝም እንድትል ደረቅ ድርቆሽ ጥለውላት አቧራው እየቦነነ ይታለባል። ሥራው ያው ሆኖ ተራው ቢለወጥ ብዙ ይቀየራል፦ በረቱ ቀድሞ ይጠረግ፣ አቧራው ይረፍ፣ እጅ ይታጠብ፣ ላሟ እርጥብ መኖ ይሰጣት፣ ከዚያ ትታለብ፤ ድርቆሹ በኋላ ይምጣ። ማታ ደግሞ የምትተኛበት ቦታ ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ ይነጠፍላት፤ ጠዋት ጡቷ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ያቺ የውሃ ጣጣ ራሷ ትቀንሳለች። ጉዝጓዙም ከእበቱ ጋር ተደባልቆ ለእንሰቱ ይውላል።

አርቢዋ፦ ዕቃውን እኛ በወይራ እናጥነዋለን። እሱንም ልታስጥሉን ነው?

ጸሐፊው፦ ኧረ በጭራሽ! የወይራ ጭስ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያንም ይቀንሳል። ነገር ግን ጭሱ የሚሠራው በታጠበ ዕቃ ላይ ነው። በማለቢያው ቅል ስንጥቅ ውስጥ የወተት ቅባት ተጋግሮ ካለ፣ ጭሱ ከላይ ያልፍና ባክቴሪያው ከቅባቱ ሥር ይተርፋል። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ወተት ዛሬ ወደ ከተማ የሚሄደው በምን ነው? የምግብ ዘይት መጥቶበት በተረፈ ፕላስቲክ ጀሪካን። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ታችኛው ጥግ አይፈገፈግም፤ ውስጡ ሲጫጫር ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሊታጠንም አይችልም። ለእኔ ከሁሉ የከፋው የወተት ጠላት ይህ ጀሪካን ነው፤ በረትም እበትም አይወዳደረውም። አንድ ቤተሰብ ለወተቱ አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ቢኖረው፣ አፈ ሰፊ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ይግዛ እላለሁ። አጠባውም ተራ አለው፦ ወተቱ እንደተገለበጠ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቃል፤ ፍል ውሃ ቀድሞ ከገባ ወተቱን ዕቃው ላይ ያጋግረዋልና። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈገፈጋል፣ ይለቀለቃል፣ ተደፍቶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ማሰሮው ለቅቤው ይቀመጥ፤ ትኩስ ወተት ግን አይግባበት፤ ያ ለቅቤ የጠቀመን እርሾ ትኩሱን ወተት ገና መንገድ ላይ ሳለ ያኮመጥጠዋል። የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር ደባልቆ መላክም እንደዚሁ ነው፤ የማታው ለቤትና ለቅቤ ይሁን፣ የጠዋቱ ለገበያ።

አርቢዋ፦ አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኔ እጄን ታጥቤ፣ ጨርቅ አጥቤ፣ ዕቃ ገዝቼ የወሰድኩትንም፣ ጎረቤት በጀሪካን የወሰደውንም ሰብሳቢው በአንድ በርሜል ይገለብጠዋል። ዋጋውም አንድ ነው። ለምን ብዬ ልልፋ?

ጸሐፊው፦ ለዚህ ጥያቄ ከቃል በላይ መልስ እስካልተሰጠ ድረስ የምንሰጠው ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው። ዋጋው አንድ ከሆነ ጀሪካኑ ያሸንፋል፤ ገበሬ ስሌት ያውቃል። እንደሚቻል ግን ሌላ አገር ታይቷል። በሕንድ አናንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው አሙል የሚባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ወተት የሚቀበለው አንድ ሁለት ላም ወይም ጎሽ ካላቸው ቤተሰቦች ነው፤ የእያንዳንዱ ወተት መንደር ላይ ለብቻው ተለክቶና ቅባቱ ተመርምሮ በዚያው ይከፈላል። የትንሽ ገበሬ ወተት ለመመርመር ያንሳል የሚለው ሰበብ እዚያ አልሠራም። በኬንያም እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 ከተካሄደው የአነስተኛ አርቢዎች የወተት ፕሮጀክት በኋላ፣ መንግሥት ጥሬ ወተት የሚያዞሩ ትንንሽ ነጋዴዎችን ከማሳደድ ይልቅ ወደ ማሠልጠንና ፈቃድ መስጠት አዘነበለ። ለእኛ ሰብሳቢ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። እኩል ወተትና አልኮል ቢደባለቅ የኮመጠጠው ወዲያው ይቋጠራል፤ በላክቶሜትር ውሃ የተጨመረበት ይለያል። እያንዳንዱ ዕቃ ወደ በርሜሉ ከመገልበጡ በፊት ይፈተን፤ ያለፈው ጭማሪ ያግኝ። የወደቀው ደግሞ ወላይታ ላይ ሜዳ አይወድቅም፤ ተመልሶ ይናጣል፣ ቅቤ ይሆናል። ቅቤ የማያውቅ አገር ገበሬ ይህ ማረፊያ የለውም። ልዩ የሚሆነው መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ነው፤ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ለማንም አይሰጥም፤ ለቅቤም ቢሆን እርጎው እንደ ልብ አይረጋም።

አርቢዋ፦ አንተ ቅቤውን የኋላ መጠጊያ አደረግኸው፤ ለእኔ ግን ዋናዬ ነው። የቅቤ ብር የሴት ብር ነው፤ ገበያ ወስጄ የሸጥሁትን ባሌ አይጠይቀኝም። ወተቱ በሊትር ለማኅበር ሲሰጥ ግን ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። አሬራውስ? ወተቱ ሁሉ ከተሸጠ ልጆቼ ምን ይጠጣሉ?

ጸሐፊው፦ ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ንጽሕና ብቻውን አይመልሰውም። የምታልበው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው ሴት ሆና ክፍያው በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ የጨመርንባት ሥራ እንጂ ገቢ አይደለም። እንዲህ ያለ ማኅበር ንጹሕ ወተት ለምኖ አያገኝም። ስለዚህ የአባልነት ደብተሩ በአላቢዋ ስም ይከፈት የምለው ለሴቶች መብት ብቻ ብዬ አይደለም፤ የወተቱ ጥራት ያለው በእሷ እጅ ስለሆነ ነው። የልጆቹን ነገር በተመለከተ እውነቱን እነግርዎታለሁ፦ ወተቱ ሁሉ በሚሸጥበት ቤት ልጅ ይጎዳል። ቅቤ ሲሸጥ አሬራው ቤት ይቀር ነበር፤ ትኩስ ወተት ሲሸጥ ምንም አይቀርም። ሁለት ሊትር ከማትሞላ የአገር ላም ለከተማ መሸጥ አለብዎት አልልም፤ ያቺ ላም የቤት ናት፤ ንጽሕናውም ለቤት ይሁን፤ ያንን ወተት የሚጠጡት የእርስዎ ልጆች ናቸውና አፍልተው ይስጧቸው። ዲቃላ ላም ያለው ቤት ግን የጠዋቱን ሸጦ የማታውን ማስቀረት ይችላል።

አርቢዋ፦ ላሟ የሌላ ሰው ሆና እኔ የማረባት ከሆነስ? እንዲህ ያለው ብዙ ነው እኮ።

ጸሐፊው፦ ያን ጊዜ ዕቃውን ማን ይገዛል የሚለው አብሮ በውሉ ይነሣ። የጡት በሽታ ያገኛት ላም ከአራት ጡቷ አንዱ ደርቆ ሊቀር ይችላል፤ የሚከስረው ባለላሙም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ጨርቅና አሉሚኒየም ዕቃ ከእሱ መጠየቅ ነውር የለውም።

አርቢዋ፦ ይህን ሁሉ ማን ያስተምረን? አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ ወረቀት ላይ አስፈርማችሁ ትሄዳላችሁ።

ጸሐፊው፦ ወላይታ ለዚህ መልስ ከሩቅ መፈለግ የለባትም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ያስቡ። በሶዶ የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር የሚያስተምረው መድኃኒት ውድ አይደለም፤ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። በሕመሙ ያለፉ ሰዎች ራሳቸው ሌላውን ሲያስተምሩ ሰሚ አገኙ። ለወተትም አሠልጣኟ ጎረቤት የምታልብ ሴት ትሁን፤ ወተቷ በየቀኑ ፈተናውን የሚያልፍላት። አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ሶዶም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለእነሱ የሚቀረው ሥራ ወተቱን በየጊዜው መርምረው ውጤቱን ለዚያችው ሴት፣ በሊትሯና በዋጋዋ ተርጉመው መመለስ ነው።

አርቢዋ፦ ጾም ሲገባስ? ከተማው በዐቢይ ጾም ወተት አይጠጣም ብሎ ሰብሳቢው ይጠፋል።

ጸሐፊው፦ ሁሉም ባይሆን ብዙው ይጾማል፤ ገበያው ይቀዘቅዛል። በወላይታ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ ጨርሶ አይቆምም። በእነዚያ ሳምንታት ወተቱ ወደ ማሰሮ ተመልሶ ቅቤ ይሁን፤ ቅቤ እስከ ፋሲካ ይቆያልና ዋጋም ያወጣል። ግን ይህን ቀድመው ይወቁት። ከሰብሳቢው ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገር ያስጽፉ፦ በጾም ወር ስንት ሊትር እንደሚቀበል፣ ፈተናውን ላለፈ ወተት በሊትር ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ክፍያው በስንት ቀን በማን እጅ እንደሚገባ። ሦስተኛው ላይ የእርስዎ ስም ካልተጻፈ አይፈርሙ።